ሆስፒስ ለልጅ ሲሆን፦ ቤታችን ድረስ የመጣው አገልግሎት ምን ይመስል ነበር?

ሆስፒስ የማይድን ሕመም ላለበት ሰው በመጨረሻ ጊዜው ስቃዩን እያቀለለ የሚያስታምም አገልግሎት ነው። ቤታችን ለመጡት ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። አገልግሎቱ የተሰናዳው ለሽማግሌና ለባልቴት ነው፣ የእኛ ታማሚ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ልዩነቱ በየቦታው ብቅ ይል ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄን የያዛት ዲአይፒጂ የሚባል የአንጎል ግንድ ዕጢ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የሚይዘው። የተቀመጠበት ቦታ መተንፈስንና መዋጥን የሚያዝዘው ክፍል ስለሆነ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ጨረር ለተወሰኑ ወራት ያስታግሰዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። አብዛኞቹ ልጆች በሽታው ከታወቀ በኋላ ዓመት አይደፍኑም። ይህን ሐኪሞቹ ገና ከጅምሩ ነግረውናል፣ ስለዚህ የሆስፒስ ነገር ሲነሳ ዱብ ዕዳ አልሆነብንም። ግን ሰዎቹ ቤት መጥተው ምን እንደሚሠሩ በአማርኛ የሚያስረዳን አላገኘንም። ለዚህ ነው የምጽፈው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ቅሬታም ምስጋናም ስላለኝ። ደግሞ የዚህ አገር ሆስፒሶች በአብዛኛው የሚሠሩት በአንድ የፌዴራል ደንብ ስለሆነ እኔ የምለው ሌላ ድርጅት ለምትይዙም ይሆናል።

ሆስፒስ ሲባል ሃያ አራት ሰዓት ቤታችሁ የሚቀመጥ ሰው ይላካል ብላችሁ ከሆነ፣ አይደለም። ነርስ በሳምንት አንድ ሁለቴ ትመጣለች፣ ነገሩ ሲከፋ በየቀኑ። ገላ የምታጥብ ረዳት አለች። ቤተሰቡን የሚያማክርና ጉዳዩን የሚከታተል ሶሻል ወርከር አለ፣ ቻፕሌን የሚሉት የሃይማኖት ሰው አለ፣ በጎ ፈቃደኛም አለ። አልጋውን፣ ኦክስጅኑን፣ ዊልቸሩን፣ አክታ የሚስበውን ማሽን፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ ዳይፐሩን ሳይቀር የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ቀንም ሌሊትም የሚነሳ ስልክ አላቸው። የቀረው፣ ማገላበጡ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠቱ፣ ቁጭ ብሎ ማደሩ የእናንተ ነው። ለመግባት፣ ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ሐኪሞች መፈረም አለባቸው። ከዚያ በላይ የቆየ ሰው አይባረርም፣ እንደገና ታይቶ ይታደስለታል። ካልተመቻችሁ ደግሞ በፈለጋችሁት ቀን ፈርማችሁ ትወጣላችሁ።

አሁን ይህችን ልብ በሉ፣ ብዙ ሐበሻ አያውቃትም። ትልቅ ሰው ሆስፒስ ሲገባ ለዚያ በሽታ የሚደረገውን የማዳን ሕክምና ይተዋል። ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር በምንለው፣ ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሕክምናውን ሳያቋርጥ የሆስፒሱንም አገልግሎት ያገኛል። አንዱን ካልለቀቅክ ሌላውን አትይዝም የለም። ልጄ ሁለተኛ ዙር ጨረር ስትሄድ የሆስፒሷ ነርስ ቤት ትመላለስ ነበር። የሚገርመው የድርጅቱ ስልክ ተቀባይ ራሷ ይህን አታውቅም፣ «ጨረር ካለ አንችልም» ብላን ነበር፣ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ደውላ ነው ያስተካከለችው። በሥራ ቦታ የሚገኝ የግል ኢንሹራንስ ከሆነ ያላችሁ ግን ሕጉ አያስገድዳቸውም፣ አንዳንዱ ይከፍላል አንዳንዱ አይከፍልም፣ መጠየቅ ነው።

ወደ ቅሬታዬ። አልጋው መጣ፣ የትልቅ ሰው አልጋ። ልጅቷ መሃሉ ላይ ጠፋች፣ ጎንና ጎኗን በትራስ መደገፍ ነበረብን። የኦክስጅን ጭምብሉ ፊቷን ሁሉ አልፎ አገጯ ስር ይገባል። ለድንገተኛ ተብሎ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ የመድኃኒት ሳጥን ይሰጣሉ፣ የሱም መጠን ለትልቅ ሰው የተጻፈ ነበር። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው፣ እሷ ደግሞ እብጠት የሚቀንሰውን ስቴሮይድ እየወሰደች ስለነበር ክብደቷ ይለዋወጣል። ደግነቱ ነርሷ ሐቀኛ ናት። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት አረጋውያንን ነው፣ ስለዚህ ሳልጠይቅ ምንም አልሰጥም» አለችና እኛው ሳሎን ቁጭ ብላ የሆስፒታሉን የልጆች ፓሊየቲቭ (ስቃይ የማቅለል ሕክምና) ሐኪም በስልክ ይዛ አንድ በአንድ አስተካከለችው። አላውቅም ማለት የምትችል ነርስ በማግኘቴ ዛሬም አመሰግናለሁ። ድርጅቱን ግን እወቅሳለሁ፣ በሚያድሉት ወረቀት ላይ ትንሽ ልጅ አቅፋ የምትስቅ ነርስ ለጥፈዋልና። ስለዚህ ስትደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ያዛችሁ፣ የልጆች ነርስ አላችሁ ወይ ይሁን። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ጋ ደውሉ።

የሌሊት ስልኩ ለብቻው አምስት ኮከብ ይገባዋል። አንድ ሌሊት ትንፋሿ ተቆራረጠ። ባለቤቴ አምቡላንስ ልትጠራ ስልክ አንስታ ነበር፣ እኔ የሆስፒሱን ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምጿ የተኛ ሰው አይመስልም። ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ አስቆጠረችኝ፣ ከፍ አድርጌ እንዳስተኛት ነገረችኝ፣ ከየትኛው ጠርሙስ ስንት ሚሊሊትር ጉንጯ ውስጥ እንደማንጠባጥብ ነገረችኝ፣ ከዚያ ተረኛዋ ነርስ እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋችም። አምቡላንስ ቢመጣ ኖሮ ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ነበር የሚነጋብን። የቅዳሜና እሁድ መድኃኒት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሞርፊኑ፣ ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ፣ ሊያልቅ ሲል ዓርብ ጠዋት ተናገርን፣ ቅዳሜ ማታም አልደረሰም፣ ፋርማሲው ሹፌሩን ይላል፣ ሹፌሩ ፋርማሲውን ይላል። ጠርሙሱ ሥር በቀረችው ነው እሁድን የገባነው። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሲደርስ ማዘዝ ጀመርን።

ስለ ሞርፊን ራሱ ትንሽ ልበል፣ እኛ ቤት የተጨቃጨቅንበት ነገር ስለሆነ። አማቴ «ይህ መድኃኒት ነው የሚወስዳት» ብለው አልቅሰው አስቆሙን። ነርሷ አልተቆጣችም፣ አማቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በልኩ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን እንደማያፋጥን፣ ሕመሙንና የአየር እጥረት ስሜቱን እንደሚያቀልል፣ ከትንሽ ተጀምሮ እየታየ እንደሚጨመር አስረዳቻቸው። ሆድ እንደሚያደርቅም ሳትደብቅ ነገረቻቸውና የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲሰጥ አደረገች። አማቴን ያሳመናቸው ግን ንግግሩ አይመስለኝም፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ቀና ብላ ካርቱን ስታይ ማየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱን ሰዓት ከእኔ የበለጠ የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ። ነርሷን «ልጄ» ማለት ጀመሩ፣ ሳትቀምስ አትወጣም።

ምግብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስቴሮይዱ ፊቷን ያሳብጠዋል፣ ርሃቡ ደግሞ ለጉድ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ የምትጠይቅ ልጅ ነበረችን። እያደር መዋጥ ሲያቅታት ውሃ ትን ይላት ጀመር። ወፈር ያለ ነገር ይሻላታል ብለው የማወፈሪያ ዱቄት አመጡ፣ ቀምሼዋለሁ፣ ሙጫ ነው። አማቴ አጥሚት ሠሩና «ይኼስ?» አሉ። ነርሷ በማንኪያ አንጠልጥላ አየችው፣ ወፍረቱ ልክ ነው አለች። በቃ፣ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ድረስ አጥሚት ነበር። መብላት ያቆመች ጊዜ ግን ለእናት ከባድ ነው፣ እኛ አገር ታማሚ ሳይበላ ቀረ ማለት ሰው አላስታመመውም ማለት ነው። ሰውነቷ ምግብ መፈለግ ማቆሙን፣ ማስገደድ እንደሚያንቃት ሶሻል ወርከሩ ለባለቤቴ ደጋግሞ ነው የነገራት። በአንድ ቀን የሚገባ ነገር አይደለም።

አስተርጓሚ ላይ ይስተካከሉ። እኔ እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም፣ ባለቤቴና አማቴ ግን እንዲህ ያለውን ወሬ በአማርኛ ካልሆነ አይከተሉትም። የመጀመሪያ ቀን የመጣው ሰው የአሥራ አራት ዓመት ልጄን «አንቺ ንገሪያቸው» አላት። የእህቷን ሞት! አስቆምኩት። የጤና ተቋም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይችልም፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ደንቡ ግልጽ ነው። አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታቸውም ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ያለ ነው፣ በነጻ። ከዚያ በኋላ በስልክ አስተርጓሚ ማምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ጥሩ ነው። አንዱ ግን መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግማሹን ሳይተረጉም አለፈው፣ ለእኛ አዝኖ መሆኑ ነው፣ በሌላ እንዲቀየር ጠየቅን።

ቤታችን ከመጣው ሰው ሁሉ ለልጅ ብቻ የምትሆነው ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት የምትባለው ናት። ይህችን ሆስፒሱ የራሱ የለውም፣ ከሆስፒታሉ ነው የምትመጣው፣ ቢችሉ በየቀኑ ትምጣ እላለሁ። ሥራዋ ልጆች ስለ ሕመማቸው በሚገባቸው መንገድ እንዲያወሩ መርዳት ነው፣ ጨዋታም ሥዕልም ትጠቀማለች። እኛ ጋ እንደምታውቁት «ልጅ ፊት እንዲህ አይወራም» ነው። ዘመዱ ሁሉ በር ላይ ፊቱን ጠራርጎ፣ ፈገግ ብሎ ገብቶ «ትድኛለሽ፣ አይዞሽ!» ይላል። ስፔሻሊስቷ አልተከራከረችንም። የጠየቀቻችሁን ብቻ መልሱ፣ ያልጠየቀችውን አትጨምሩ፣ ውሸት ግን አትንገሯት አለች። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልጠየቀችም። ከዚያ አንድ ቀን መኪና ውስጥ «ባቢ፣ ዓሣዬን ማን ነው የሚመግበው?» አለችኝ። አንቺ፣ ልል ነበር። ማን ቢሆን ትፈልጊያለሽ፣ አልኳት። ታናሽ ወንድሟ እንዳይሆን፣ እሱ ምግብ ያበዛበታል፣ የአክስቷ ልጅ ትሁን አለች። የቀለም እርሳሶቿን፣ ጫማዋን፣ ታብሌቷን ሁሉ በዚያው አከፋፈለች፣ ታብሌቷ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። ልጅቷ ከእኛ ቀድማ ታውቅ ነበር። እኛ ስናስመስል እሷም ለእኛ ብላ ታስመስል ነበር ማለት ነው።

ለትንሹ ልጄም ይህችው ሴት ናት የደረሰችለት። አምስት ዓመቱ ነው፣ ሕመሙ ይዞብኛል ብሎ እህቱ አጠገብ መቀመጥ ትቶ ነበር። በሸክላ ጭቃ የሁለቱንም የእጅ አሻራ አሠራቻቸው፣ እሱ የዳይኖሰር ጥፍር ካልተጨመረበት ብሎ አስቸገረ፣ ተጨመረለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አልጋዋ ተመለሰ።

ጠያቂስ? እኛ ቤት ሲታመም ሰው ይጎርፋል፣ ዳቦውም፣ ወጡም፣ ውሃውም፣ ጸሎቱም። መጀመሪያ ቀን ነርሷ ጫማ የሞላውን በር አይታ «ድግስ ላይ ደረስኩ?» አለችኝ። ከዚያ ግን እሷው ናት መላ ያበጀችው። በሩ ላይ የሰዓት ወረቀት ለጠፈች፣ «በነርስ ትእዛዝ» ብላ። እኛ ሰው መመለስ አንችልም፣ ያስነውራል፣ በነርስ ሲመካኝ ግን ማንም አይቀየምም። ቻፕሌኑ ፈረንጅ ፕሮቴስታንት ነው፣ ምን ይሠራልናል ብዬ ነበር። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ብዙ አላወራም፣ «የናንተን አባት ማምጣት ነው የምፈልገው» አለ። የንስሐ አባታችን ለቅዱስ ቁርባኑ ሲመጡ ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት አሸጋሽጋ ልጅቷ ነቅታ እንድትቀበል አደረገች። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ሞልስት የሚባል ቅጽ አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ። ልብ ቢቆም ደረት ይጫን ወይስ ይተው፣ በማሽን ትተንፍስ ወይስ አትተንፍስ የሚለውን ነው የሚሞላበት። እንድትፈርሙ የሚገፋፋችሁ ሊኖር ይችላል፣ ግን «አይነካ» የሚለውን ካልፈረማችሁ አንቀበልም ማለት አይችሉም። እኛ ቆይተን ነው የፈረምነው፣ ባለቤቴ ከአባ ጋር ተነጋግራ፣ ማንም አላጣደፋትም፣ በዚህ በኩል ጨዋ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን ላይ ብዙ አልጽፍም። አገልግሎቱን በሚመለከት ይህችን ያህል፦ 911 አይደወልም፣ ለእነሱ ነው የሚደወለው። ነርሷ መጥታ ሰዓቱን መዘገበች። ፖሊስ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ አስከሬን ቶሎ ይውጣ የሚል የለም። ለቅሶው ሲጀመር የምንኖረው አፓርትመንት ስለሆነ ጎረቤት በር ደበደበ። ነርሷ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አነጋገረችው፣ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ በነጋታው አበባ ይዞ መጣ። ከዚያ የተረፈውን ሞርፊን ምስክር ባለበት ለክታ ከቡና አተላ ጋር ለውሳ አስወገደችው፣ እንደዚያ ነው ደንቡ፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት። እኛ ቤት የቡና አተላ መቼም አይጠፋም።

የተበሳጨሁት በማግስቱ ነው። አልጋውን የሚያከራየው ሌላ ድርጅት ኖሯል፣ ጠዋት ደውሎ «አሁን ደጅ ነን» አለ። ቤቱ በለቅሶተኛ ሞልቶ! ወንድሜ ወርዶ መለሳቸው። ሆስፒሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሺ፣ ግን አንድ ስልክ ቀድሞ መደወል ምን ያህል ከባድ ነው?

ከሞት በኋላ ለቤተሰቡ የሐዘን ድጋፍ ለአንድ ዓመት ያህል የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የመጀመሪያ ስልካቸው ሲመጣ አልፈለግነውም፣ እስከ አርባ ድረስ ቤታችን ሰው አልተለየውም ነበርና። ያበሻ ሐዘን እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብቻህን አትሆንም፣ መታጠቢያ ቤት እንኳ ተራ ትጠብቃለህ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። የእነሱ ስልክ የጠቀመን በስድስተኛው ወር ነው፣ ስሟን ጠርቶ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው በጠፋበት ሰዓት። የሐዘንተኞች ቡድኑ ግን አልሆነንም። የተገኙት ባልና ሚስቶቻቸውን የቀበሩ አዛውንት ነበሩ፣ ደጎች ናቸው፣ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሄዳ ተወችው። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ቡድን በሆስፒታሉ በኩል ነው ያገኘነው።

ለንደን ያለችው የባለቤቴ እህት እዚያ ለልጆች ብቻ የተሠሩ የሆስፒስ ቤቶች እንዳሉ ስትነግረን ቀናን። የመጀመሪያው ሄለን ሀውስ በ1982 ኦክስፎርድ የተከፈተው ነው፣ ዛሬ እንግሊዞቹ እንዲህ ያሉ ከሃምሳ በላይ አላቸው፣ ወላጅም አብሮ ያድራል፣ ለእረፍት ብቻም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ናቸው፣ ካሊፎርኒያ ሳን ሊያንድሮ ያለው ጆርጅ ማርክ ሀውስ በ2004 ነው የጀመረው። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ ነርሶች አሉት። የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ወላጆቹ በ2004 ያቋቋሙት ነው። ሁሉም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡን ለምትጠይቁኝ፦ ሜዲኬይድ ስለነበራት ለሆስፒሱ አንድ ዶላር አልከፈልንም። የሚጎዳው የቀረው ሥራ ነው። ባለቤቴ የምትሠራበት ከሃምሳ ሰው በላይ የሚቀጥር ስለሆነ በፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ አሥራ ሁለት ሳምንት ወጥታ ሥራዋ ጠበቃት፣ ደሞዝ ግን የለውም። እኔ ኡበር ነው የምነዳው፣ ካልነዳሁ ገቢ የለኝም፣ ዕድራችን ነው የቤት ኪራዩን የሸፈነው። ሲደክማችሁ ታማሚውን በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ቀን ተቋም ውስጥ ተቀብለው የሚያሳርፏችሁ ነገር ደንቡ ላይ አለ፣ እኛ ስንጠይቅ ግን ልጅ የሚቀበል ቦታ አላገኙልንም። ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ የት እንደሆነ በስም ይንገሯችሁ። ከሆስፒታሉ የልጆች ፓሊየቲቭ ቡድን ጋር ለመገናኘት ደግሞ የስድስት ወሩ ፊርማ አያስፈልግም፣ ምርመራው በታወቀ ሳምንት መጠየቅ ይቻላል።